የአቧሬ አንጓ እንደ ቀና፣ ኳሷም ኩሬውን እንደ ተሻገረች

ወኮነ ሳሎናቸው አዲስ መጋረጃ በለበሰበት ዘመን፣ ትዳራቸው በጸና በሰባተኛው ዓመት፣ ዝናሙ አባርቶ የጎልፍ ሜዳው ሣር በታጨደበት ወራት፣ ነቃሌ መንጋጋ፣ ናዛዜ ድድ፣ ፍርሃትን በመርፌ ያደነዘዙት የጥርስ ሐኪሙ ስለ አንዲት ቃል ታጥቀው ተነሡ። ቃሏም «ልጄ» የምትባል ናት።

አማታቸው፣ ባለ ግርማዋ እመቤት፣ ይህችን ቃል ለማሕፀናቸው ፍሬ ለባለ መድኃኒት ቤቱ ብቻ ጠብቀው ኖሩ፤ የልጃቸውን ባል ሐኪሙን ግን «ሰውዬው» ይሏቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜም በሜዳው ዳር በተጣጣፊ ወንበራቸው ተቀምጠው፣ ልጃቸው ሰውዬውን በጎልፍ ሲረታ ያያሉ። ሐኪሙ ጉልበት አጥተው አይደለም፤ አንጓቸውን ሙያቸው አበላሽቶባቸው እንጂ። ዱላው ኳሷ ዘንድ ሲደርስ የእጃቸው አንጓ መንጋጋ እንደሚነቅል ይጠመዘዝና፣ ሣሩ ከነሥሩ ይነሣል፤ ኳሷም ወይ ሳትነቃነቅ ትቀራለች፣ ወይ ኩሬ ትገባለች። አቧራው ስለሚጨስ ባለ መድኃኒት ቤቱ «አቧሬ» ብሎ ሰየማቸው፤ እመቤቲቱም መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከመጨረሻው ጉድጓድ በፊት ባለው ኩሬ የሚኖሩት ዳክዬዎች እንኳ አቧሬ ሲመጡ ሲያዩ ከውኃው ወጥተው ዳር ይይዙ ነበር። ሐኪሙን ግን ከሳቁም ከስሙም ይልቅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ማዕድ ተቀምጠው «ሰውዬው» መባላቸው አንጀታቸውን አቃጠለው።

ወእምዝ አንጓ የምታቀና አንዲት የጎልፍ መለማመጃ አስመጡ። እርሷም ሁለት የፕላስቲክ ክንፍና አንዲት ማጠፊያ ያላት፣ ከክንድ እስከ መዳፍ በማሰሪያ የምትታሰር፣ አንጓ በልኩና በሰዓቱ ሲታጠፍ «ቀጭ» የምትል፣ ሲሳሳት ግን እንደ ተቀየመች ሙሽራ ዝም የምትል ናት። ሐኪሙም አሰሯት፤ በሳሎን ዱላውን ቢያወዛውዙ ዝም አለች፤ በኮሪደር ቢያወዛውዙ ዝም አለች፤ በክሊኒክ ግን ሳይታሰብ «ቀጭ» ብትል፣ ወንበሩ ላይ የነበረው በሽተኛ መንጋጋው የተሰበረ መስሎት አፉን እንደ ከፈተ ደረጃውን ወረደ። በማግስቱ ደግሞ የሳሎኑ መብራት ከነሽፋኑ ወደቀ።

ያን ጊዜ ባለቤታቸው፣ ርኅርኅተ ልብ ወጽንዕተ ቃል፣ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። ከዛሬ ጀምሮ ከበራፍ እስከ ጓዳ ዱላ ይዞ የተገኘ፣ ራቱን ጣሪያ ላይ ከልብስ ማስጫው ጋር ይበላል።» ሐኪሙም ወደ ሰገነቱ ተሰደው በእርጥብ አንሶላዎች መካከል ተጋደሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድምና፣ አንድ ማለዳ «ቀጭ» አለች፤ ደግማም «ቀጭ» አለች። ልብስ ያሰጡ የነበሩት ባለቤታቸውም ሳያውቁት መቆንጠጫውን በዚያው ምት ይሰኩ ጀመር።

የዓመቱ ዋና ግጥሚያ በደረሰ ጊዜ ሐኪሙ ዘመቱ። በፊታቸው የክሊኒኩ ነርስ ጃንጥላ ዘርግታ፣ በቀኛቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ አበጃጁ ውኃ ተሸክሞ፣ በግራቸው ባለቤታቸው የእጅ ቦርሳቸውን አንግተው፣ በኋላቸውም ቀጠሯቸው የተላለፈባቸው ጉንጨ እብጥ ሁለት ሰዎች ተከተሉ፤ እነዚህም ድሉ ቶሎ እንዲሆን ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው የጸለዩ ናቸው።

መለማመጃይቱም በየምቱ እየጮኸች፣ ሐኪሙ ከባለ መድኃኒት ቤቱ ጋር እኩል ለእኩል ሆነው እስከ ኩሬው ደረሱ። ነገሩ ያላማረው ባለ መድኃኒት ቤቱም ወደ መለማመጃይቱ በጣቱ ጠቆመ፤ የሜዳው ተቆጣጣሪም «በግጥሚያ ጊዜ መለማመጃ ያሰረ ሁሉ ይፍታ» ብሎ አወጀ። ሐኪሙም ፈቱ። ክንዳቸው ራቁቱን ቀረ፤ ዳክዬዎቹም ወደ ዳር ወጡ።

ባለቤታቸው ወንድማቸውን አዩ፣ እናታቸውን አዩ፣ የባላቸውንም ላብ አዩ። ዱላው ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ፣ ልክ በምቱ የቦርሳቸውን መቆለፊያ «ቀጭ» አደረጉት። አንጓው ሰማ፤ ታጠፈ፤ ኳሷም ውኃውን ተሻግራ ከጉድጓዱ አጠገብ ዐረፈች። ባለ መድኃኒት ቤቱ ዘወር ብሎ እኅቱን ቢያይ፣ ከተከፈተው ቦርሳቸው መሐረብ እየፈለጉ ነበር። የእርሱ ኳስ ግን፣ በንዴት ሳያነጣጥር ስለ መታት፣ አደጋው አለፈ ብለው ከተመለሱት ዳክዬዎች መካከል ጠለቀች።

እመቤቲቱም ከወንበራቸው ተነሡ። አዋጃቸውም ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ ወንበሩን እጠፍና ያዝልኝ፤ ወገቤን አሞኛል።» ባለ መድኃኒት ቤቱ ልማዱ ነውና እጁን ዘረጋ፤ እርሳቸው ግን ወንበሩን ለአቧሬ ሰጡ።

ሰላም ለአንጓከ፣ ኦ ነቃሌ መንጋጋ፣ አሻጋሬ ኩሬ፣ ጸዋሬ ወንበር። ከሜዳ እስከ መኪና በትከሻህ የተሸከምኸው ዙፋን አይከብድህ፤ ጉንጨ እብጦቹ በአንድ እጃቸው ጉንጫቸውን ይዘው በሌላው ጭናቸውን እየመቱ ያጨበጨቡልህ ጭብጨባ አይረሳ፤ ዝናህም ከዳክዬ ትውልድ ወደ ዳክዬ ትውልድ ይተላለፍ።