ከመደርደሪያው የምትወርደው ጠርሙስ

[ሰሜን ጃፓን፣ ሙሮራን ወደብ፤ ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ። የእትዬ ቶሚዬ ኢዛካያ፣ ማለትም ትንሿ መጠጥ ቤት፣ በሯን ከመክፈቷ ከአሥሩ ወንበሮች ሰባቱ ተይዘዋል። ቤቷ ከመጥበቧ የተነሣ አንዱ ሲያስል ሌላው ይቅርታ ይጠይቃል። ከባንኮኒው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ የባለቤታቸው ስም በነጭ ቀለም የተጻፈባቸው የደንበኞች የአረቄ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። የመርከብ ጥገናው ግቢ የቀለም ክፍል ኃላፊ ኢሶቤ፣ ከሥሩ የሚሠራውን ቶኩማሩን ይዞ ገብቷል። ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መጨቃጨቅ ጀምረዋል።]

ኢሶቤ፦ ተነሥ! ተነሥ ብያለሁ!

ቶኩማሩ፦ አሁን መቀመጤ እኮ ነው ጋሼ።

ኢሶቤ፦ ለዚህ ነዋ፣ ወንበሩ ሳይሞቅ ተነሥ! እዚህች ጥግ ላይ ማንም አይቀመጥም። የሆነ ትልቅ ሰው ወንበር ናት።

ቶኩማሩ፦ የማን?

ኢሶቤ፦ ማን እንደሆነ ምን ያደርግልሃል? ትልቅ ሰው ነው አልኩህ። አርብ አርብ ስመጣ ባዶዋን ነው የማያት። ሰው በር ላይ ተሰልፎ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እንኳ እሷ ላይ አይቀመጥም።

ቶኩማሩ፦ አርብ ስለማይመጣ ይሆናላ። የሚመጣው ማክሰኞና ሐሙስ ነው።

ኢሶቤ፦ አንተ ደግሞ በምን አወቅህ?

ቶኩማሩ፦ እንግዲህ...

ኢሶቤ፦ በግምት! ይኸው ነው ችግርህ። የማታውቀውን ነገር ዝም ማለት አትችልም። ና፣ ወዲህ ተቀመጥ።

[ቶኩማሩ አንድ ወንበር ይሸሻል። ሰባቱም ደንበኞች መብላታቸውን አቁመው ይተያያሉ።]

ኢሶቤ፦ አየህ? ቤቱን በሙሉ አስደነገጥከው። አዋረድከኝ! ለመሆኑ ለምን እንዳመጣሁህ ታውቃለህ?

ቶኩማሩ፦ ለመብላት?

ኢሶቤ፦ "ለመብላት" ይለኛል እንዴ! እስቲ ቀና በልና እነዚያን ጠርሙሶች ቁጠር።

ቶኩማሩ፦ [ቀና ሳይል] ሃያ ሁለት ናቸው።

ኢሶቤ፦ ሳታይ ነው የቆጠርከው?

ቶኩማሩ፦ ሃያ ሁለት አይደሉም እንዴ?

ኢሶቤ፦ ናቸው! ሃያ ሦስተኛ አይጨመርም። አንዱ ካልወረደ ሌላው አይወጣም። ያችን ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችውን አየሃት? ከተማውን ለቆ የሚሄድ ሰው ጠርሙስ እንደዚያ ይዞራል። ዛሬ ሐሙስ ትወርዳለች ሲባል ሰምቼ ነው አርብን ሳልጠብቅ የመጣሁት። ቦታ ይለቀቃል ማለት ነው።

ቶኩማሩ፦ ጋሼ፣ ስለ እሷ እኮ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር ልነግርዎ...

ኢሶቤ፦ ቆይ ልጨርስ! ከናጎያ ተዛውሬ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ከተማ ስሜ የተጻፈው የት ነው? ፖስታ ሳጥኔ ላይ ብቻ። እሱንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ባለቤቴ "እዚህ አገር አንተን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ?" ብላኝ ነው ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ጋ የሄደችው። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም ቶኩማሩ። አንዲት ጠርሙስ፣ እዚያ ላይ፣ ስሜ ያለባት። በቃ!

ቶኩማሩ፦ [ከልቡ አዝኖ] ወይ ጋሼ...

ኢሶቤ፦ እንዳታለቅስብኝ! ሥራህን ሥራ። እትዬ ቶሚዬ ሲመጡ፣ "ጋሼ እኮ የዚህ ቤት ሰው ናቸው" ትላለህ። ጮክ ብለህ። ከዚያ በኋላ አፍህን ለምግብ ብቻ ትጠቀምበታለህ።

[እትዬ ቶሚዬ ይመጣሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በአንድ እጃቸው የከሰል መቆንጠጫ፣ በሌላው ሁለት የእጅ መጥረጊያ ሙቅ ፎጣ ይዘዋል።]

እትዬ ቶሚዬ፦ መጣህ?

ኢሶቤ፦ መጣሁ እትዬ! [ለቶኩማሩ በሹክሹክታ] ሰማህ? "መጣህ?" አሉኝ! ባዳ ቢሆን "እንኳን ደህና መጡ" ነው የሚባለው። "መጣህ?" የሚባለው ከቤት የወጣ ልጅ ሲመለስ ነው።

ቶኩማሩ፦ ጋሼ፣ ያዩት እኮ ወደ...

ኢሶቤ፦ ትንሽ ሸውረር ይላሉ። ዕድሜ ነው።

እትዬ ቶሚዬ፦ ምን ልጥበስላችሁ?

ቶኩማሩ፦ [ቀጥ ብሎ፣ በጩኸት] ጋሼ እኮ የዚህ ቤት ሰው ናቸው!

እትዬ ቶሚዬ፦ ጋሼ ደግሞ ማናቸው?

ኢሶቤ፦ ሃ ሃ! እትዬ ሲቀልዱ! [በሹክሹክታ] የሚቀልዱት ከቤተኛ ጋር ብቻ ነው። አሳማውን በሽንኩርት ያድርጉልን እትዬ፣ ሰናፍጩን በዛ አድርገው። ከሰሉን ደግሞ ከግራ በኩል ቢያራግቡት ይሻላል፤ ከቀኝ ሲሆን ጭሱ ሥጋው ውስጥ ይገባል።

እትዬ ቶሚዬ፦ እ።

[ይሄዳሉ። ከቀኝ ያራግባሉ።]

ኢሶቤ፦ ተቀበሉኝ!

[እትዬ ቶሚዬ ተመልሰው ኢሶቤ ፊት ድንች፣ ቶኩማሩ ፊት በጨው የታሸ የዓሣ እንቁላልና አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ሳኬ፣ የሩዝ መጠጥ፣ ያስቀምጣሉ። ይህን ያዘዘ ሰው የለም።]

ኢሶቤ፦ የአንተ ምነው ተለየ?

ቶኩማሩ፦ ድንች ስለማይስማማኝ ይሆናል።

ኢሶቤ፦ ድንች እንደማይስማማህ እሳቸው በምን ያውቃሉ? ሆድህ ላይ ተጽፏል? የዋህ! አዲስ ስለሆንክ የተራረፈ ሰጥተውህ ነው። ድንቹ ለወዳጅ ነው። በል ተወው፤ እንግዳዬ ሆነህ ትራፊ ስትበላ አላይም፤ እኔ ልብላልህ። [ይበላል] እሰይ! ትራፊው ግን እንዴት ይጣፍጣል ጃል!

ቶኩማሩ፦ ማክሰኞማ ከዚህ የባሰ...

ኢሶቤ፦ እየበላሁ አታናግረኝ።

[አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ከባንኮኒው ጫፍ ተነሥተው ይመጡና ለቶኩማሩ ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሉ። በሁለት እጃቸው የገለባ ባርኔጣ ይዘዋል። ኢሶቤ መሐል ገብቶ ባርኔጣውን ይቀበላል።]

ኢሶቤ፦ ኧረ አባቴ፣ ምን አስቸገረዎት! እንዲህ ያለ ክብር!

[ሽማግሌው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ያስባሉ፣ ይዘጋሉ። ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።]

ቶኩማሩ፦ ጋሼ፣ ባርኔጣው እኮ የ...

ኢሶቤ፦ የሹመት ነው! አዲስ ሰው መደርደሪያው ላይ ከመውጣቱ በፊት ነባሮቹ ያለብሱታል። ይህን ሳታውቅ ነው ሙሮራን ተወለድኩ የምትለው? [ባርኔጣውን ያደርጋል]

ቶኩማሩ፦ የገለባ ባርኔጣ? ውጭ በረዶ እየጣለ?

ኢሶቤ፦ ለሹመት ደግሞ የአየር ጠባይ ይጠየቃል እንዴ?

[ከዓሣ ገበያው የሆነች ሴትዮ መጥታ ቶኩማሩ ፊት አንድ ቱቦ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ታስቀምጣለች። ኢሶቤ በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ይቀበላል፤ ሴትዮዋ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ትመለሳለች።]

ኢሶቤ፦ ቅባት! ያለ ቅባት ሹመት አለ? [አፍንጫውንና ግንባሩን ነጭ እስኪሆን ይቀባል] በደንብ ተዳርሷል?

ቶኩማሩ፦ ጆሮዎ ጋ ቀርቷል። ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ያድምጡኝ። እነዚህ ሰዎች...

ኢሶቤ፦ ቆይ፣ ሌላ እየመጣ ነው!

[አንድ ወጣት አናጺ የትንኝ ማባረሪያ ጥቅል አስቀምጦ እንባ እየተናነቀው የቶኩማሩን እጅ ጨብጦ ይሄዳል።]

ቶኩማሩ፦ ይሄስ? ሙሮራን በኅዳር ትንኝ አላት?

ኢሶቤ፦ ትንኝ ማን አለህ? ምቀኛ ነው የሚባረርበት። ከአሁን በኋላ ብዙ ምቀኛ ነው የሚነሣብኝ።

ቶኩማሩ፦ ልጁ ግን ያለቀሰው የእኔን እጅ ይዞ ነው።

ኢሶቤ፦ የእኔን ለመጨበጥ አፍሮ ነዋ! ባርኔጣ አድርጌ አላየኝም? [የአረቄ መደርደሪያውን እያየ] ቶኩማሩ፣ ልቤ ሊወጣ ነው። ያ የሚሄደው ሰው ምንኛ ታላቅ ይሆን! ወንበሩን የሚያከብሩለት፣ ጠርሙሱን የሚያዞሩለት። ባገኘው እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።

ቶኩማሩ፦ ኧረ አይውደቁ ጋሼ፣ ወለሉ ቅባት አለው።

[እትዬ ቶሚዬ የተጠበሰውን ሥጋ ከነስንጥሩ ያቀርባሉ። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥተው ወደ ግድግዳ የዞረችውን ጠርሙስ ያወርዱና አዙረው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጧታል።]

ኢሶቤ፦ [ያነባል] ቶ... ኩ... ማ... ሩ። ኪኪኪ! የስም መመሳሰል! ሰውየው ቢሰማ ምንኛ በተናደደ!

እትዬ ቶሚዬ፦ ናሃ የምትበረው መቼ ነው ልጄ?

ቶኩማሩ፦ ቅዳሜ ጠዋት ነው እትዬ።

ኢሶቤ፦ ናሃ? ናሃ ማን ሞተ?

ቶኩማሩ፦ ተዛወርኩ እኮ ጋሼ። ግቢያችን እዚያ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። ሰኞ ነው ማስታወቂያው የተለጠፈው።

ኢሶቤ፦ እኔ ማስታወቂያ አላነብም፤ ምን እንደሚል አስቀድሜ ስለማውቅ። [ያስባል] ናሃ... የአገሩ ደቡብ ጫፍ... እዚያ እኮ ክረምት የለም። ፀሐይ ነው። ትንኝ ነው...

[ቀስ ብሎ ባርኔጣውን ያወልቃል። ፊቱ ላይ ያለው ቅባት ግን አይወልቅም።]

ኢሶቤ፦ እዚህ መምጣት ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?

ቶኩማሩ፦ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ማክሰኞና ሐሙስ።

ኢሶቤ፦ ያቺ የጥግ ወንበር...

ቶኩማሩ፦ የእኔ ናት። አርብ ቀንም ተቀመጡባት ብያቸው ነበር፤ እምቢ አሉ።

ኢሶቤ፦ እና ተነሥ ስልህ ተነሣህ?!

ቶኩማሩ፦ ጋሼ ተነሥ እያሉኝ እንዴት እቀመጣለሁ?

ኢሶቤ፦ ለምን አትነግረኝም ታዲያ፣ አንተ ልጅ! ለምን ትገለኛለህ!

ቶኩማሩ፦ አልጠየቁኝማ። ደግሞ... ሲያስረዱኝ ፊትዎ ይበራል። መሥሪያ ቤት እንዲህ ሲደሰቱ አይቼዎ አላውቅም።

እትዬ ቶሚዬ፦ ለቅሶውን በኋላ ታደርሳላችሁ፤ እሳቱ ላይ ሌላ ሥጋ እያረረብኝ ነው። ቶኩማሩ፣ ደንቡን ታውቀዋለህ። ወራጁ ነው ቦታውን የሚያወርሰው። ለማን ትተዋለህ?

ኢሶቤ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ለእኔ እንዳትል። የዓሣ እንቁላልህን በልቻለሁ። ቅባትህን ጨርሻለሁ። ሰው አይደለሁም።

ቶኩማሩ፦ ለጋሼ ነው እትዬ።

[ሰባቱም ደንበኞች በአንድ አፍ በረዥሙ ይተነፍሳሉ። ሽማግሌው ዓሣ አስጋሪ ያለ ልማዳቸው ሁለተኛ ብርጭቆ ያዝዛሉ።]

እትዬ ቶሚዬ፦ ለዚህ? አስበህበታል?

ቶኩማሩ፦ አስቤበታለሁ። እኔ ከሄድኩ የሚያስረዱት ሰው አይኖራቸውም። ዝም ብለው ቤት ሲቀመጡ ይታየኛል። እናንተ ብትችሏቸው ምን አለ?

እትዬ ቶሚዬ፦ [ኢሶቤን ከነነጭ አፍንጫው ከላይ እስከ ታች አይተው] እንግዲህ አንተ ካልክ ምን ይደረጋል፣ እንችለዋለን።

[አዲስ ጠርሙስና ባለ ነጭ ቀለም ብዕር ያመጣሉ።]

እትዬ ቶሚዬ፦ ስም?

ኢሶቤ፦ [በእንባና በሳቅ መሐል] ስም ይሉኛል! እትዬ፣ ዛሬስ ቀልዱን ይተዉት! ሦስት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ የምመጣው እኔ አይደለሁም?

እትዬ ቶሚዬ፦ አርብ አርብ መምጣትህን መች አጣሁት! ስም ነው ያልኩህ።

ቶኩማሩ፦ እትዬ፣ ጋሼ እኮ...

እትዬ ቶሚዬ፦ አንተ ተወው፤ አፍ አለው፣ ራሱ ይናገር።

ኢሶቤ፦ እንዴት... እንዴት ስሜን አያውቁትም?

እትዬ ቶሚዬ፦ ከየት አባቴ ልወቀው? ሩዝ እንዴት እንደሚታጠብ ነግረኸኛል። ጣሪያዬ ለምን እንደሚያፈስ ነግረኸኛል። ባሌ በምን በሽታ እንደሞተ ሳይቀር፣ ለእኔው ለሚስቱ ነግረኸኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነገርከኝ ነገር ቢኖር ስምህን ብቻ ነው!

[ከሰሉ ይንጣጣል። ብዕሩ ጠርሙሱ ላይ እንደተደቀነ ነው።]

ኢሶቤ፦ [ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ] ኢሶቤ... ኢሶቤ እባላለሁ።

እትዬ ቶሚዬ፦ ምን አልክ? ኧረ ጮክ በል ሰውዬ! እንዲህ ዓይን አፋር ሆነህ ከሰው ጋር እንዴት ነው የምትግባባው?