ጋሽ ገላና እና የኩላሊት ኮድ

አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም ቤት በር ላይ ወንበር ካለ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሳይጠየቅ የሰው ወረቀት የሚያነብ አንድ ሰውዬ አለ። ሐኪሙ ይቀየራል፣ ሰውዬው አይቀየርም። ከላምበረት ከፍ ብላ ባለችው ክሊኒክ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ገላና ናቸው።

ትምህርታቸው ከስድስተኛ አላለፈም። የቀረውን ያስተማራቸው የባለቤታቸው የዲንቄ ኩላሊት ነው። በጠጠር ሲያመላልሷት ሒሳብ ክፍል የኩላሊትና የፊኛ ምርመራውን ሁሉ በኮድ እንደሚጠራ ደረሱበት። ዩ ሦስት ፊኛ ብቻ፣ ዩ አራት ፊኛ ከነኩላሊት።

"የኔ ልጅ፣ ስንት ጻፉልሽ? ዩ አራት? ቀላል ነው። ውሃ ትጠጫለሽ፣ ሽንትሽን ትይዣለሽ፣ ሆድሽን ቅባት ቀብተው ያዩሻል፣ አለቀ" ይሏታል ተራ የምትጠብቀውን።

ሁሉም ቀላል ነው። ኩላሊት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚባል ኮድ ቢመጣም ቀላል ነው ከማለት አይመለሱም።

አንዴ ሙሚና የምትባል የካራ ገበያ ሽንኩርት ነጋዴ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጠጥታ እግሯን አጣምራ ስትጨነቅ፣ ወረቀቷን አይተው ወደ ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ሄዱ።

"ጆኒ፣ ሐኪሙ ኩላሊቷም ይታይ ብሎ፣ አንተ የፊኛውን ኮድ ብቻ መታህ። ኩላሊቷን ካራ ጥላው መጣች?"

"ጋሼ፣ ሰልፍ ይጠብቁ።"

"እኔማ እጠብቃለሁ። እሷ ናት የማትጠብቀው።"

ጆኒ አስተካከለ። ሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል፤ ግን እሳቸው በሌሉ ቀን ያ ወንበር ያስፈራል።

ባለፈው ማክሰኞ የዲንቄ ወረቀት ወጣ። ዩ ዘጠኝ። ሲቲ ስካን በቀለም፤ ክፉ እብጠት ሲጠረጠር የሚታዘዘው። ጋሽ ገላና ያንን ኮድ ይዘው የገቡትን ያስታውሳሉ። ተመልሰው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጥቂት ናቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"አንተ፣ ለአገሩ ሁሉ ስትለፈልፍ ኖረህ ለእኔ ሲሆን አፍህ ተያዘ?" አለች ዲንቄ።

"ቀለም በደም ሥርሽ ይሰጡሻል። ሰውነት ያሞቃል ይላሉ።"

"ያሙቀኝ እንጂ። እንጦጦ ሥር ስንኖር መቼ ሞቆን ያውቃል።"

የሲቲ ስካን ባለሙያዋ ከክፍሉ ብቅ አለች። "እማማ፣ ብረት ነገር ካለ ያውልቁ።"

ዲንቄ ጉትቻዋን ፈትታ ለባሏ ሰጠቻቸው። የጋብቻ ቀለበቷ ግን ጣቷ ከወፈረ ጀምሮ ወልቆ አያውቅም። ጋሽ ገላና ሳሙና ሊፈልጉ ተነሱ።

"ተቀመጥ" አለቻቸው።

እጇን ወደ ታች ዘቀዘቀችው። ቀለበቱ ራሱ ተንሸራትቶ መዳፋቸው ላይ ወደቀ።