ቡናን የፈቱት መምህር

(ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለች ሻይ ቤት። ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ብርሃነመስቀል እግራቸውን አነባብረው አራተኛ ብርጭቆ ጥቁር ሻያቸውን ይጠጣሉ። ሾላ ገበያ እህል የሚሸጠው ጎረቤታቸው ሀብቶም ፊት ለፊታቸው ደንግጦ ቆሟል።)

ሀብቶም፦ ጋሼ፣ እንዲህ በቀላሉ?

ብርሃነመስቀል፦ ፈታኋት አልኩህ! ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ሰኞ ዕለት በቃሽኝ አልኳት።

ሀብቶም፦ ምን አጥፍተው?

ብርሃነመስቀል፦ መራራ ናት። ጠዋት ካላገኘኋት ራሴን ያመኛል፤ ሳገኛት ደግሞ ልቤን ታስደልቀዋለች።

ሀብቶም፦ ኧረ በእመቤቴ! ሽማግሌ ይግባ ጋሼ። እኔ ራሴ እመጣለሁ።

ብርሃነመስቀል፦ ለቡና ሽማግሌ?

ሀብቶም፦ ቡና? እትዬ ሰገነትን አይደለም እንዴ የፈቱት?

ብርሃነመስቀል፦ (ወደ ጣሪያው አንጋጠው) ፈጣሪዬ፣ የካ ሙሉ ሕዝብ እያለ ከዚህ ጋር ታስቀምጠኝ? ቡና ትቼ ሻይ ጀመርኩ ነው የምልህ፣ አንተ የጤፍ ጆንያ!

ሀብቶም፦ (ላቡን ጠርጎ ይቀመጣል) እፎይ! ሻይስ ግን እንቅልፍ አይነሳም?

ብርሃነመስቀል፦ ሻይ ቅጠል ነው። ቅጠል እንቅልፍ ሲነሳ አይተሃል?

ሀብቶም፦ ጫት።

ብርሃነመስቀል፦ (ሻያቸውን ፉት ብለው) እሱ ሌላ ጉዳይ ነው!

ሀብቶም፦ እና ከሰኞ ወዲህ ደህና ይተኛሉ?

ብርሃነመስቀል፦ ዓይኔን አልከደንኩም። የቡናው መርዝ ከደሜ እየወጣ ነዋ! ይህን ለመረዳት መማር ያስፈልጋል።

ሀብቶም፦ እትዬ ሰገነት ምን አሉ?

ብርሃነመስቀል፦ አታውቅም። ያፈላችልኝን ደብቄ አበባው ላይ እደፋዋለሁ። ዛሬ ግን ልክ ልኳን እነግራታለሁ! ሐኪሟ ‹‹የደም ግፊትዎ ጨምሯል፣ ቡና ይተዉ›› ካለችኝ ሁለት ወር ሆነ። ሚስቴ እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማች! ከእሷ እጅ በቀር ቡና ቀምሼ አላውቅ፤ በየቀኑ ሦስት ስኒ እያቀረበች ስትገድለኝ ከረመች። ደንቆሮ!

ሀብቶም፦ (ፈገግታው ጠፍቶ) እሳቸውንስ አይንኳቸው።

ብርሃነመስቀል፦ አንተን ምን አገባህ?

ሀብቶም፦ አገባኝ እንጂ። ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ። እትዬ ሰገነት በየሳምንቱ ሾላ እየመጡ ከእኔ ገብስ ይገዛሉ።

ብርሃነመስቀል፦ ገብስ ምን ያደርግላታል?

ሀብቶም፦ አጥቁረው ቆልተው፣ ወቅጠው ለእርስዎ ያፈሉታል። ከሐኪም ቤት ከተመለሳችሁ ማግስት ጀምሮ። ‹‹ቢነግሩት አይሰማም›› ብለው ነው።

ብርሃነመስቀል፦ ውሸት! እኔ የቡናን አገር በመዓዛው ነው የምለየው! ባለፈው ወር እንኳ አንዷን ቀምሼ ‹‹ይቺ እውነተኛ ይርጋ ጨፌ ናት›› ብያታለሁ።

ሀብቶም፦ ነግረውኛል። እሷ የሱሉልታ ገብስ ናት።

(መምህሩ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በዚያው ወር ግፊታቸው ወርዶ ሐኪሟ ‹‹ጎበዝ›› ብላቸው ነበር፤ ሰገነት አጠገባቸው ሆና መሬት መሬት ታይ ነበር።)

ሀብቶም፦ ስለዚህ ጋሼ፣ ሰኞ የተዉት ቡና አይደለም። ገብስ ትተው ነው ሻይ የጀመሩት።

ብርሃነመስቀል፦ (ብርጭቆውን በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ በለሆሳስ) ሱቅህ ክፍት ነው?

ሀብቶም፦ ክፍት ነው። ግን እትዬ ሰገነት ካላኩዎት አልሸጥልዎትም።