የፎቶው ጉንጭ የክኒን ነው

ሰዎች፣ የገዛ ልጄ ዛሬ የሠራችኝን ስሙ!

የደርግ ጊዜ ፎቶዬን ሳታስፈቅደኝ ፖስት አደረገችው። ኮሜንቱን ስከፍት አንዱ "አባትሽ የካድሬ ልጅ ነበሩ እንዴ? በዚያ ዘመን ይሄን ጉንጭ ከየት አመጡት?" ብሏል። ላይኩ ደግሞ ይዘንባል።

ካድሬ! እናቴ እኮ ድንች ነበር የምትቸረችረው።

ስለዚህ ሳልወድ በግዴ ልናዘዝ። ያ ጉንጭ የክኒን ነው።

ከልጅነቴ አስም ነበረብኝ። ስተነፍስ ደረቴ ዘይት እንዳጣ ጋሪ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከመክሳቴ የተነሳ እማዬ ነፋስ ባለበት ቀን ወደ ከተማችን ሐይቅ እንዳልሄድ ትከለክለኝ ነበር።

ጎረምሳ ሆኜ ሕመሙ ሲጠናብኝ ሐኪም ፕሬድኒሶሎን አዘዘልኝ። ትንሽ ክኒን ናት፣ ግን ትንፋሼን መለሰችልኝ። ከትንፋሼ ጋር ረሃብም መጣ። የቤቱን ጨርሼ ጎረቤት ምሳ ሰዓት ላይ "እንዴት ዋላችሁ" ማለት ጀመርኩ። በጥቂት ወራት ፊቴ ክብ ሆነ።

መድኃኒቱ ፊት እንደሚያሳብጥ ሐኪሙ ነግሮናል። ግን እማዬ ውፍረት ካየች ሌላ ነገር አትሰማም።

"ጌታ ጸሎቴን ሰማ፣ ልጄ ዳነልኝ" እያለች ምሥራቅ የሚባለውን ሰፈራችንን አዳረሰችው። እኔም ጉንጬን ይዤ በከተማችን ፒያሳ ተንጎራደድኩ። ፎቶውን የተነሣሁት ያኔ ነው።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድሮ ሲያየኝ ያዝንልኝ ነበር። አሁን ጉንጬን አየና "ይሄማ መትረየስ ይሸከማል" አለ።

እማዬ በሽተኛ ነው ብትለው ማን ይስማት? "አንቺው አይደለሽ እንዴ ዳነልኝ ስትዪ የከረምሽው?" አላት። ከሰፈራችን ዘምተው ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ። ያን ቀን እማዬ እህል አልቀመሰችም።

እኔ ጀግናው ታዲያ መላ ዘየድኩ። ክኒኑ ካወፈረኝ፣ ሳቆመው እከሳለሁ! በምርመራው ቀን አጥንቴን አይተው ይመልሱኛል። ሐኪሙ "በድንገት እንዳታቆም" ያለኝን ረስቼው አይደለም። ከሐኪሙ ይልቅ ሊቀመንበሩን ፈርቼ ነው።

እናንተ ብትሆኑስ?

በምርመራው ቀን ጉንጬ እንዳለ ነው። የጠፋው ጉልበቴ ነው። አስመለሰኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ሰልፉ መሃል ተዘረርኩ። ሊቀመንበሩ "ተነሥ፣ ቲያትሩን ተው" ሲል ይሰማኛል፣ መነሣት ግን አቃተኝ።

እማዬ ሰዉን ገፍትራ ገባች። "ክኒኑን መዋጥ ትቷል፣ ትራሱ ሥር ደብቆት አገኘሁት" ብላ ለመርማሪዋ ሐኪም ነገረቻት። ሐኪሟ ግፊቴን ለካችና ደነገጠች። ወዲያው ያንኑ ዓይነት መድኃኒት በመርፌ ሰጠችኝ።

ነፍስ ስዘራ "ሰውነትህ ሆርሞኑን ከክኒኑ ሲቀበል ከርሞ የራሱን መሥራት ትቷል" አለችኝ። "የሚቆመው ቀስ በቀስ ነው። ልትሞት ነበር እኮ!" ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ "ይሄ ልጅ ወፍሮ አይደለም፣ ታሞ ነው" አለችው። በዚሁ ተመለስኩ።

ክኒኑ በሐኪም ትእዛዝ ጥቂት በጥቂት ሲቀነስ ጉንጬም አብሮ ሄደ። አንዷ ጎረቤታችን "ምነው ልጅሽ እንዲህ ከሳ?" ብትላት፣ በውፍረቴ ስትኩራራ የከረመችው እማዬ "ይክሳ። ቤቴ አለልኝ አይደል?" አለቻት። ይሄን ስጽፍ እንኳ እንባዬ መጣ። እንዴት እንደምትናፍቀኝ!

አሁን ጡረታ ወጥቼ ሆዴን ተሸክሜ የታቦር ተራራን ዳገት ስወጣ መሃል ላይ ቁጭ እላለሁ። ያንን ክኒን ከተውኩት ዘመን ሆኖኛል። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄኛውን ውፍረት በማን ላሳብብ?