መስመሩን የበላው ማን ነው

እኛ ዘንድ አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚገኘው ሌባው ነው፤ ዕቃው ኋላ ይፈለጋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው የተረቱት አባቶች ብዙ ሥራ አቃለውልናል፤ ማስረጃ መልቀም፣ ምስክር መጥራት ሳያስፈልግ ቀና ብሎ የሰው ፊት ማየት ብቻ ነው። እናንተም ብትሆኑ ቤታችሁ መቀስ ሲጠፋ በልባችሁ የፈረዳችሁበት ሰው አይታጣም። መቀሱ ከራሳችሁ መሳቢያ ከተገኘ በኋላስ? ፍርዱን ያነሣችሁለት አይመስለኝም። እኔም አላነሣሁም።

ይህን ያስባለኝ ዘጠናዎቹ መባቻ ላይ፣ ኢንተርኔት ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ አትላስ አካባቢ የደረሰ ነገር ነው። የውኃ ፓምፕ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ስምንት ኮምፒውተሮች በአንዲት የስልክ መስመር ላይ ተንጠልጥለዋል። ሞደሟ ስትደውል ጩኸቷ ፎቁን ያዳርሳል፤ ከዚያ ሁላችንም ከዚያች ቀጭን ቧንቧ ተሻምተን እንቀዳለን። የእኔ ማዕረግ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ነበር። ኮምፒውተር ሲበላሽ «የት ሄደ?» የምባል፣ ሳይበላሽ ሲቀር ደግሞ «ይሄ ልጅ ምን ይሠራል?» የምባል ሰው ነበርኩ ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን መስመሩ በየቀኑ መታነቅ ጀመረ። ለጨረታ የምንጠብቀው የዋጋ ዝርዝር አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰና ጨረታው አመለጠን። ከመርካቶ ሱቅ ተነሥተው ያንን ድርጅት ያቆሙት ሥራ አስኪያጃችን፣ ወይዘሮ ዘምዘም፣ ጥፋተኛውን ፈለጉ። ጥፋተኛዋም ወዲያው ተገኘች፤ የግዥ ክፍሏ ጸሐፊ ሰናይት። ወንጀሏ አንድ ቀን ኮምፒውተሯ ፊት ስትስቅ መታየቷ ነው። የፓምፕ ዋጋ የሚያነብ ሰው ምን ያስቀዋል?

«የድርጅቱን ኢንተርኔት ብቻዋን ለግል ጉዳይ በመጠቀሟ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ከዚያም ሁለተኛው። የሁለቱም ግልባጭ ለሁላችንም፣ ገርጂ ላለው መጋዘን ሳይቀር፣ በኢሜይል ተበተነ። ሦስተኛው የስንብት ደብዳቤ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ተተይቦ ፊርማ ብቻ ሲጠብቅ አየሁት። ሰናይት ሳሊተ ምሕረት በተከራየቻት ቤት ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምር ልጅ ናት። አንጀቴን በላችው።

«ወይዘሮ ዘምዘም፣ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ነገ ምን ይመጣል?»

«መስመሩን የሚበላውን ሰው በቁጥር አሳይዎታለሁ።»

«እሷ ከሆነችስ?»

«ያኔ ይፈርሙ።»

በሰው እንጀራ ተወራርጄ ነበር የወጣሁት።

የተማመንኩት አንድ ጓደኛዬ በፍሎፒ በሰጠኝ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ሥዕል የለው፣ ማውስ የለው። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ትእዛዝ በእጅ ትጽፉለታላችሁ፤ እሱ ደግሞ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚወስድ በየሰከንዱ ይቆጥርላችኋል። ማን ምን እንዳነበበ አይነግርም፤ ማን ምን ያህል እንደወሰደ እንጂ። ሁሉም በሚያልፍበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩትና ትእዛዟን ጽፌ ቁልፉን ስጫን፣ ቁጥሮቹ ይንቀሳቀሱ ጀመር። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ላይ ፎቅ አንዱ ደብዳቤ ሲከፍት ሁለት ቁጥር ኮምፒውተር ከፍ ይላል፤ ሲዘጋው ይወርዳል። ማን እንደተሳፈረ፣ ማን እንደወረደ እንደሚያውቅ ወያላ በሩ ላይ ቆምኩላችሁ። ያን ቀን ምሳ መብላቴን አላስታውስም።

ማክሰኞ ጠዋት ዓይኔን አምስት ቁጥር ላይ ተከልኩ፤ ሰኞ ደብዳቤ ስትከፍት አይቼ ለይቻታለሁ፣ የሰናይት ናት። ሦስት ሰዓት ላይ ትንሽ ብድግ አለች፤ ልቤም አብሯት ብድግ አለ። ወዲያው ወረደች። አራት ሰዓት ሲሆን ግን ሰባት ቁጥር ተነሣ። አነሣሡም የዋዛ አይደለም። ሌሎቹን ሁሉ ዜሮ አስገብቶ መስመሩን ጠቅልሎ ያዘው። «ኧረ ኢንተርኔቱ ቆመ» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ሰባት ቁጥር ማን ነው? ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ የት እንደዘረጋሁት ግን የጻፍኩት ነገር የለም። ስለዚህ ሽቦውን በእጄ እየዳበስኩ በኮሪደሩ አለፍኩ፣ ደረጃውን ወረድኩ። ሽቦው መዝገብ ቤት ገባ።

እዚያ ጋሽ ወልዴ ስካነሩ ላይ አጎንብሰዋል። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው እኛ ዘንድ የመጡ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ምን እየላኩ ነው?»

«ደብዳቤ ነዋ።»

ደብዳቤ ነው። ተተይቦ፣ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ክብ ማኅተም ከተመታበት በኋላ፣ ማኅተሙ ጥርት ብሎ እንዲታይ ስካነሩ በሚችለው ከፍተኛ ጥራት ፎቶ የተነሣ ደብዳቤ። የሚለው «የላካችሁት ዋጋ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» ነው። ከሥሩ አምስት ግልባጭ አለው። ለጎረቤት ክፍል የሚሄደው ግልባጭ እንኳ በስልክ መስመሩ ከግቢ ወጥቶ፣ በዚያው መስመር ተመልሶ ይገባል። የመጨረሻው ግልባጭ «ለመዝገብ ቤት» ይላል፤ ለራሳቸው።

«ሁለቱን መስመር በኢሜይሉ ላይ ቢጽፉት እኮ በሰከንድ ይደርስ ነበር።»

«ያለ ማኅተም?» ብለው በትዝብት አዩኝ። «ልጄ፣ ማኅተም የሌለው ነገር ወሬ ነው።»

ይሄኔ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የሰናይት ማስጠንቀቂያዎችም የተበተኑት እንዲሁ ነው። በተበተኑባቸው ቀናት መስመሩ ይብሱን ታንቆ ነበር፤ መታነቁም እሷው ላይ ተቆጥሯል። ጥፋቷን የሚናገረው ደብዳቤ ጥፋቱን ራሱ ሲሠራ ኖሯል።

ወይዘሮ ዘምዘምን ጥቁሩ ስክሪን ፊት አቆምኳቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሚዛን ሲያነቡ የኖሩ ናቸውና ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጋሽ ወልዴ አንድ ግልባጭ ሲልኩ ሰባት ቁጥር ወጣ፤ ሲያቆሙ ወረደ። ወይዘሮ ዘምዘም የስንብቱን ደብዳቤ ለሁለት ቀደዱትና እኔን አስከትለው መዝገብ ቤት ወርደው ሰናይትን አስጠሩ።

«ተሳስተናል ልጄ። ሥራሽን ቀጥዪ» አሏት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

«ጌታ ይባርክዎት፣ ወይዘሮ ዘምዘም። ግን እኔ የተከሰስኩት በአፍ አይደለም። በደብዳቤ ነው። ማኅተም አለው፣ ግልባጭ አለው፣ ገርጂ ድረስ ተነቧል። ይቅርታውም በዚያው መንገድ ይሂድልኝ።»

ወይዘሮ ዘምዘም እኔን አዩ፤ እኔ ጋሽ ወልዴን አየሁ። አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት ጋሽ ወልዴ የማኅተሙን ቀለም ከፈቱ።

«ልጅቷ ልክ ናት» አሉ።

ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ስካን ተደረገ፤ ከነግልባጩ ሄደ። ሰናይት ክፍሏ ገብታ ስትከፍተው ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይገለጥላት ጀመር፤ መጀመሪያ የድርጅቱ ዓርማ፣ ቀጥሎ ስሟ፣ ከዚያ «ከጥፋቱ ነፃ መሆንዎን እየገለጽን» የሚለው። ፊርማው ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቋረጠ።

«ማኅተሙ አልደረሰኝም» አለች ከላይ።

የሳቀ የለም። ወይዘሮ ዘምዘም ደረጃው ላይ ወጥተው ለፎቁ በሙሉ ተናገሩ። «ሁላችሁም ከኮምፒውተራችሁ ተነሡ። የሰናይት ደብዳቤ እስኪደርስ መስመሩን ማንም እንዳይነካ።»

ወደ ስክሪኔ ሮጥኩ። ሞደሟ እንደገና ደወለች። ቁጥሮቹ ሁሉ ዜሮ ላይ ተኝተዋል፤ ከመካከላቸው አምስት ቁጥር ተነሣች፣ ወጣች፣ ወጣች፣ መስመሩን ሞላችው። እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ። የድርጅቱን ኢንተርኔት ብቻዋን ትጠቀማለች ተብላ የተከሰሰችው ሰናይት፣ ያን ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ በሥራ አስኪያጇ ትእዛዝ፣ ለግል ጉዳይዋ፣ ብቻዋን ተጠቀመችበት።