ወይዘሮ የሺመቤት ሦስት ስማቸውን አንድ ያደረጉበት ዘመቻ

ዓይናቸው ጉም በለበሰ በሁለተኛው ዓመት፥ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፥ በወርኃ ኅዳር፥ ዲጂታል መታወቂያ በነገሠበትና ኔትወርክ እንደ ልቡ በሚመጣበትና በሚሄድበት ዘመን፥ የአካሉ ልጅ፥ የፈትል ማሽን አዛዥ፥ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ፥ የባሕር ዳሯ ግርምት ወይዘሮ የሺመቤት ስለ ገዛ ስማቸው ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም መነሻ እንዲህ ነው። የዓይን ሐኪሞች ቡድን ለጥቂት ቀን ወደ ከተማው መጥቶ ነበርና፥ መርምረው «የዓይንዎ ሞራ በቀዶ ጥገና ይነሣል፤ ግን እሑድ እንሄዳለንና ቅዳሜ ይምጡ» አሏቸው። ሆኖም የሆስፒታሉ ኮምፒውተር የጤና መድኅኑን ከዲጂታል መታወቂያው ጋር ቢያስተያይ «አይመሳሰልም» ሲል ፈረደ። በቀበሌ «የሺመቤት አካሉ» ነበሩ፤ የክልሉ ጤና መድኅን «የሽመቤት አካሉ» ብሎ ጻፋቸው፤ የፌዴራሉ ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ ስማቸውን ከመካከል ሰንጥቆ «የሺ እመቤት አካሉ» አላቸው። በዚህም እመቤት የምትባል ማንም የማያውቃት ሴት አባታቸው ሆነች፤ ነፍሳቸውን ይማርና አቶ አካሉም ሳያስቡት ወደ አያትነት ከፍ አሉ።

ከእርሳቸውም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፤ በቀኝ ባለቤታቸው፥ የድጓው ሊቅ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት፥ ከሚያገለግሉበት ከዘጌ በማለዳ ጀልባ ተሻግረው፥ ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ጦር ነቅንቀው፤ በግራ ጎረቤታቸው መምህርት ፀደንያ፥ ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ ስልክ ጨብጣ። ሠራዊቱ ይኸው ነበረ። በባጃጅም ገሠገሠ።

የሦስቱም መንግሥታት መስኮቶች በአንድ አዳራሽ፥ በቺፕውድ ብቻ ተለያይተው ነበር። በቀበሌው መስኮት የተሾመችው ሀኒ «እኛ ጋ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ከላይ ነው» ብላ አወጀች። ወይዘሮዋም ወደ ላይ፥ ማለትም ወደሚቀጥለው መስኮት፥ ዘመቱ። በዚያ የክልሉ ሹም ምናሴ «እኛ ከታች የተላከልንን ነው የጻፍነው፤ ስህተቱ ከታች ነው» አለ። የፌዴራሉ መዝጋቢ አስናቀም በተራው «ሲስተሙ ሁለት ቃል መስሎት ነው፤ መጀመሪያ ሁለቱ ይስማሙና ይምጡ» ሲል ደነገገ።

ይህን ጊዜ መሪጌታ ተቈጡ። ጃንጥላቸውን ወደ ጣሪያው አንሥተው «ሺ ሣልስ ናት፤ ሳድስ አይደለችም! እ ብትዋጥም አልጠፋችም፤ ተለይታ ትቁም ያላት ማን ነው?» ብለው የፊደልን ሥርዓት ከሥሩ ይተነትኑ ጀመር። ሰልፈኛውም ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «መሪጌታ፥ ይህን እንኳ ለተማሪዎችዎ ያቆዩት፤ እኛም ጉዳይ አለን» ብሎ በአክብሮት ለመናቸው። የፀደንያም ስልክ ባትሪው አልቆ ጠፋ።

የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ መስኮቶቹ ይዘጉ ጀመር። በነጋታው ቅዳሜ ነበረ። ወይዘሮ የሺመቤት ልባቸው ፈራ፤ የባላቸው ፊት ከጊዜ ወደ ጊዜ ይርቅባቸው እንደ ነበር ለማንም ነግረው አያውቁምና። ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄደው ሦስቱም ለምሳ የሚወጡበትን አንዱን በር አገኙ፥ ነጠላቸውንም አንጥፈው ደፉ ላይ ተቀመጡ። እንዲህም ሲሉ አወጁ፦

«ልጆቼ፥ እኔ አንድ ሰው ነኝ። ዓይኔ ከጠፋ በሦስቱም ስሜ ነው የሚጠፋው። እስክትነጋገሩ ድረስ ከዚህ አልነሣም፤ ምሳም የለም።»

ከበባው ጸና። ከጎረቤት ምግብ ቤት የሽሮ ሽታ እየገባ የተከበቡትን ፈተናቸው። ሀኒ፥ ምናሴና አስናቀም በበሩ ተፋፍገው፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቺፕውድ ተያዩ። ምናሴ «ያንተን ድምፅ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ» አለ ለአስናቀ። ከሁሉ አስቀድማ ግን ሀኒ ጎንበስ አለችና ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፦ «እማማ፥ እርስዎ ራስዎ ስምዎን እንዴት ነው የሚጽፉት?»

ወይዘሮዋ እስክሪብቶ ተቀብለው፥ በፋብሪካው የማታ ትምህርት በተማሩት እጅ፥ በሚታያቸው መጠን ፊደሉን አግዝፈው «የሺመቤት» ብለው ጻፉ፤ አንድ ቃል፥ በሣልስ «ሺ»። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ነገር ግን ስለ ሰላም ብለው ትንታኔውን ተዉት።

በዚያም ደፍ ላይ ሦስቱ መንግሥታት ቃል ኪዳን ገቡ፤ ባለስሙ እንደሚጽፈው ሊጽፉ፥ ባዶ ቦታ እንዳይጨምሩ፥ አንዱም ሲያርም ለሌሎቹ ሊነግር። አስናቀ አሻራቸውን በድጋሚ ወሰደ፤ ክር የላገው አውራ ጣት አልነበብ ቢልም መሪጌታ በመዳፋቸው አሙቀው አስነበቡት። አቶ አካሉም ወደ አባትነታቸው ተመለሱ። ሦስቱ ሹማምንት ሽሯቸውን በአንድ ገበታ በሉ።

በማግሥቱ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር «ይመሳሰላል» ሲል ፈረደ፤ ቀዶ ጥገናውም ሆነ። እሑድ ፋሻው ሲነሣ ወይዘሮ የሺመቤት መጀመሪያ ያዩት የባላቸውን ፊት ነበረ። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«መሪጌታ፥ ለካ ሸብተዋል!»

«ከሸበትሁማ ቆየሁ» አሉ መሪጌታ፤ «እንዳታዝኚ ብዬ ዝም አልሁ እንጂ።»

ወይዘሮዋም ሽበቱን በጣታቸው ዳሰሱና፥ ሐኪሙ ቀስ ይበሉ እያላቸው ሳቁ።

እንግዲህ በጣና ዳር ያላችሁ፥ በደሴትም በከተማም የምትኖሩ፥ ይህን ሰምታችሁ አድንቁ፤ ሦስት መንግሥት በአንድ ነጠላ የከበቡትን፥ ደም ሳያፈስሱ ምሳ ብቻ ያዘገዩትን፥ አባታቸውን ከአያትነት የመለሱትን፥ አንዲቱን የሺመቤት አካሉን፤ ዓይናቸው ብሩህ፥ ዘመናቸው ረጅም ይሁን፤ ስማቸውም በተጻፈበት ሁሉ ሳይሰነጠቅ ይኑር። አሜን።