ምድር እስክትቀዘቅዝ

አጭር ጥያቄ ጠይቀውት ረጅም መልስ የሚሰጥ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሌላው ቢበዛ ከአያቱ ይጀምራል። የእኛ የጂንካው፣ ክቡር ጡረተኛው ቲቸር መኮንን፣ የሚጀምሩት ግን ምድር ገና እሳት ሳለች ነው።

"ከስሩ እንየው" ይላሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። ይህን ሲሉ ሥራ ያለው ሰው ይነሳል።

ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚሄደው መኪና ወጥቷል ወይ ብሎ የጠየቃቸው እንግዳ፣ ከአራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ምድር እንደ ገንፎ ስትንተከተክ እየሰማ መኪናው አመለጠው። እኔም ዲመካ ገበያ ፍየል እንዲመርጡልኝ ለምኛቸው፣ ከሰማይ የሚወርደው የድንጋይ ናዳ ሳያባራ ፍየሏ ተሸጠች።

በሰማንያዎቹ ተማሪያቸው ነበርኩ። እናቴ ታማ ሰባተኛን ሳልጨርስ ስወጣ ቲቸር ገና እሳቱ ላይ ነበሩ። ስለዚህ በእኔ እውቀት ምድር እስካሁን እየነደደች ናት። ማጀት ለሚውል ሰው ይህን ማመን አይከብድም።

ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ልጄን መሲን ለመጠየቅ የመጡትን ሽማግሌዎች ማን ቢመራቸው ጥሩ ነው? እሳቸው!

ጠያቂው ታምራት የባጃጅ ሹፌር ነው። ክረምት ላይ መሲን ሊያደርስ መጥቶ አጥራችንን ገርስሶታል። ባሌ ሉቃስ የጸሎት ቤት አገልጋይ ስለሆነ አይምልም እንጂ፣ "አጥሬን ላፈረሰ ልጄን አልድርም!" ሲል የማለ ያህል ነበር። ያን ቀን ሽማግሌዎቹን እምቢ ቢል፣ አለቀ።

እኔና መሲ ጆሯችንን የማጀቱ በር ላይ ለጠፍን።

"ምን እግር ጣላችሁ?" አለ ሉቃስ፣ እንደቆመ።

"ከስሩ እንየው፣ አቶ ሉቃስ።"

"አለቀልኝ!" አለች መሲ።

እሳቱ ተነሳ። የቀለጠው ድንጋይ ፈሰሰ። "ዘመኑን ሊቃውንቱ በሲኦል ስም ነው የጠሩት" ሲሉ የያዝኩት ክዳን ከእጄ አመለጠ።

"በእኔ ቤት ሲኦል ይጠራል? ጌታ ሁሉን በስድስት ቀን ነው የጨረሰው!"

"ስለ ቀኑ አልከራከርዎትም። እኔ የማወራው ስለ ሙቀቱ ነው። ያኔ አንድ ትልቅ አካል መጥቶ ምድርን ገጫት። ከፍንጣሪው ጨረቃ ወጣች።"

"ጨረቃን የምታክል ነገር ከግጭት?"

"ከግጭት። ማንም ሆን ብሎ አልነዳውም።"

ሉቃስ ሳቁ አመለጠው። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ ተቀመጠ። የተቀቀለውን ጎደሬ በትሪ ይዤ ስገባ ኮቱን አውልቆ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ነበር።

"ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?" አለ።

ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እኔም ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የምጠይቀው እሱን ነው።

"እንፋሎቱ በረደና ዘነበ። ዘነበ፣ ዘነበ፣ ባሕር ሆነ።"

ሉቃስ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "እንግዲህ ልጁ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይምጣ። መጀመሪያ ግን አጥሬን ይጠግን!"

መሲ ከማጀት ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ተነሱ። ቲቸር ብቻ ቅር ብሏቸው ተቀምጠዋል።

"ምን ያስቸኩላል? ገና ሕይወት ያለው ነገር ላይ አልደረስንም!"

ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ሻይ ቀዳሁላቸው። ለራሴም ቀዳሁና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ማጀት ያልታጠበ ዕቃ ተከምሯል።

"በሉ ቲቸር፣ ከዝናቡ ይቀጥሉልኝ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። "ለማስታወስ ያህል፣ ከስሩ እንየው።"

ከእሳቱ ጀመሩ። እኔም አልተነሳሁም።